ከቃርሚያ የሚሠራ የመፀው የበር ጉንጉን፦ ሳይላላና ሳይረግፍ እንዲቆይ

ብዙ ሰው የበር ጉንጉን፣ ማለትም በር ላይ የሚሰቀል ክብ የእህልና የቅጠል ጌጥ፣ ሲሞክር የሚገጥመው ያው ነው። የመጀመሪያው ቀን ያምራል። በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል። በሳምንቱ ክሩ ላልቶ ግማሹ ደጃፍ ላይ ተበትኖ ይገኛል። ከዚያ «ይሄ ነገር ለእኛ አገር አይሆንም» ተብሎ ይተዋል።

ይሆናል። የሚበላሸው እርጥብ ነገር ታስሮ ስለሚሰቀል ነው። እርጥብ አገዳ ሲደርቅ ይቀጥናል። አገዳው ሲቀጥን የታሰረበት ክር ይሰፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማድረቅ፣ ከዚያ ማሰር። ከታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ወጪው ትንሽ ነው። ገንዘብ የሚወጣው ለሲባጎና ለሽቦ ነው፤ እነሱም ከቤት ከተገኙ ምንም አይወጣም። ሌላው ከማሳ፣ ከአጥርና ከጓዳ ይሰበሰባል።

መቼ ይጀመር?

በእኛ አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ለጎንደር የምመክረው ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ዝናቡ ያባራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ እህሉም መታጨድ ይጀምራል።

ለመስቀል ላድርስ ብላችሁ በመስከረም መጀመሪያ ከጀመራችሁ ግን ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም። የሰቀላችሁት ነገር ሳይደርቅ ይሻግታል። ለመስከረም 17 የግድ ካስፈለገ፣ ያለፈው ዓመት ደረቅ ሳር ላይ ትኩስ አደይ አበባ እሰሩ። ይህኛው ለበዓሉ ብቻ የሚሆን ነው። ከበዓሉ በኋላ አይቆይም።

ለመሰብሰብ ግማሽ ቀን፣ ለማድረቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ለማሰር ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ መድቡ። ማድረቂያውን ጊዜ ማሳጠር አይቻልም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወፍራም ሽቦ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል። ሁለት ወይም ሦስት አሮጌ የሽቦ ልብስ መስቀያዎችም ይሆናሉ። ግንበኞች ብረት የሚያስሩበት ቀጭን ጥቁር ሽቦ ብቻ ካለ፣ አራት ጊዜ አጥፋችሁ አንድ ላይ ጠምዝዙት።
- ሰንበሌጥ ወይም ሌላ ረጅም ደረቅ ሳር፣ ግማሽ እቅፍ።
- ሲባጎ ወይም የቃጫ ገመድ፣ 20 ሜትር ያህል። ከማዳበሪያ ጆንያ የሚመዘዘውን የፕላስቲክ ክር ተዉት። ያንሸራትታል፣ ቋጠሮ አይዝም፣ ፀሐይም ቶሎ ይበጣጥሰዋል።
- የስንዴ ወይም የገብስ ዛላ ከነአገዳው፣ ከመጠባበቂያው ጋር 132 ያህል።
- ጥቂት የዳጉሳ ራስ፤ ካገኛችሁ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ የማሽላ ራስ።
- የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉና ከነፍሬው።
- ዛላ በርበሬ፣ ከ9 እስከ 12።
- ለማስጌጫ የአሮጌ ነጠላ ወይም ቀሚስ ጥለት፣ ወይም የበቆሎ ሽፋን።
- ፒንሳ፣ መቀስ፣ ወስፌ፣ የጆንያ መርፌ፣ ወፍራም ጓንት።

ሙጫና ኮላ አልጻፍኩም። ሆን ብዬ ነው። ጎንደር ውስጥ አብዛኛው የውጭ በር ብረት ወይም ቆርቆሮ ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይግላል። ኮላው ይለሰልስና የተጣበቀው ነገር ይወድቃል። ክር ግን ይዞ ይቆያል።

ከመሰብሰብ በፊት አንብቡ

ከማሳ ሳታስፈቅዱ አንዲት ዛላ አትቁረጡ። ያ የሰው ጉልበትና የዓመት ቀለብ ነው። የሚሻለው አጨዳው ካለቀ በኋላ ባለቤቱን ጠይቆ ቃርሚያ መልቀም ነው። ወደ አዘዞና ወደ ጠዳ በኩል ዘመድ ወይም የምታውቁት ገበሬ ካላችሁ ለእናንተ አንድ ትንሽ ነዶ ከነአገዳው እንዲያስቀርላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ከተወቃ በኋላ ብትጠይቁ የምታገኙት ጭድ ነው። መንገድ የሌለው ሰው ቅዳሜ ገበያ ከገጠር ከሚመጡት አንዱን ያናግር። የዛሬ ሳምንት ይዘውለት ይመጣሉ። ዋጋውን ግን ያኔውኑ ተነጋገሩ።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ጥድም ወይራም አይቆረጥም። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ ቁስቋም፣ የሰፈራችሁ ደብርም ቢሆን ያው ነው። ከፋሲል ግቢና ከመዋኛው ዙሪያም ምንም አትንኩ።

ከሚታዩት ተክሎች የማይወሰዱ አሉ፦

- ቁልቋልና ቅንጭብ። ወተታቸው ቆዳ ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ቢነካችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ። ዓይን ከነካ ደግሞ ለረጅም ጊዜ እያፈሰሳችሁ አጥቡና ሐኪም ጋ ሂዱ።
- አስተናግር። ፍሬው ያምራል፣ ግን መርዝ ነው። ልጅ በሚደርስበት በር ላይ አይሰቀልም።
- ሳማ። ለምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ መሰብሰብ

1. ጤዛው ከረገፈ በኋላ ውጡ። ረፋድ ላይ ማለት ነው። በጤዛ የተቆረጠ ነገር እርጥበቱን ይዞ ገብቶ ይሻግታል።
2. ስንዴና ገብሱን ቢጫ ከሆነ በኋላ፣ ግን ፍሬው በእጅ ሲነካ መርገፍ ሳይጀምር ውሰዱ። ዛላውን መዳፋችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። ፍሬ ከረገፈ አልፎበታል። በር ላይ ሆኖም ይረግፋል።
3. አገዳውን ቢያንስ ሁለት ስንዝር አድርጋችሁ ቁረጡ። አጭር አገዳ ማሰሪያ ቦታ የለውም። ረጅሙ ኋላ ይከረከማል፤ አጭሩ ግን አይቀጠልም።
4. የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ስትወስዱ ጫፉ ላይ ያለውን ለጋ ቅጠል ተዉ። ለጋው ሲደርቅ ይኮማተራል። ጠንከር ያለውን፣ ትንንሽ ፍሬ ያለበትን ምረጡ። ሽታውም ለወራት ይቆያል።
5. ጤፍ ካማራችሁ ጥቂት ብቻ ውሰዱ። ለስላሳ መልክ ይሰጣል፣ ግን ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ደጃፉን ሁልጊዜ ያስጠርጋል። እኔ ዳጉሳን እመርጣለሁ። ራሱ ጠንካራ ነው፣ ቀለሙም ቡናማ ነው፣ ፍሬውንም ቶሎ አይለቅም።

ቡገንቪላ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ጥቂት ለምኑት። ቀለም ያለው ቅጠሉ ሳይረግፍ ይደርቃል። እሾህ ስላለው ጓንት አድርጉ።

ደረጃ 2፦ ማድረቅ

ሰው ቸኩሎ የሚዘለው ይህን ነው። እዚህ ላይ የቆጠባችሁትን ቀን ኋላ በእጥፍ ትከፍሉታላችሁ።

1. የሰበሰባችሁትን በዓይነት ለዩ። ስንዴው ከባሕር ዛፍ ጋር አይደርቅም። አንዱ ቶሎ ይደርቃል፣ ሌላው ይዘገያል።
2. በቀጫጭን እስር እሰሩ። አንዱ እስር ከአውራ ጣትና ከሌባ ጣት ቀለበት አይብለጥ። ከወፈረ መሐሉ አየር አያገኝም።
3. ጭንቅላቱን ወደታች አድርጋችሁ ስቀሉ። አገዳው ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ቆሞ ወይም ተኝቶ የደረቀ አገዳ ይጎብጣል፤ ሲታሰርም ወደፈለገበት ይሄዳል።
4. ቦታው ጥላ ይሁን፣ ነፋስ ይግባበት። የበረንዳ ጣራ ሥር፣ ወይም መስኮቱ የሚከፈት ዕቃ ቤት ጥሩ ነው። የፀሐይ ሐሩር ላይ አታስጡ። ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ቀለሙ ይጠፋል፣ አገዳውም ይሰባበራል።
5. እንጨት የሚነድበት ማድ ቤት ውስጥ አትስቀሉ። ጭሱ ያጠቁረዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ደረቅ ሳር ከእሳት አጠገብ ቤት ያቃጥላል።
6. በረንዳ ላይ ከሆነ ማታ ማታ አስገቡት። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ጤዛ ቀን የደረቀውን መልሶ ያርሰዋል።

መድረቁን እንዴት ታውቃላችሁ? አንድ አገዳ አጥፉ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከታጠፈና ካልተሰበረ ገና ነው። ፈተናውን ከእስሩ መሐል በወጣ አገዳ አድርጉ። ከዳር ያለው ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። በደረቅ አየር ስንዴና ገብስ በሳምንት ይደርሳል። ባሕር ዛፉ ወደ ሁለት ሳምንት ይወስዳል።

ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ካያችሁ ሻጋታ ነው። ያንን እስር አውጥታችሁ ጣሉ። አራግፋችሁ አትመልሱት፣ ወደ ሌላው ይዛመታል። ከዚያ የቀሩትን ይበልጥ አቅጥናችሁ እንደገና እሰሩ፣ ቦታም ቀይሩ።

ነቀዝ ካያችሁ እህሉን ብቻ ለይታችሁ ለሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውሉት፤ ቀለሙ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ይሁን። ለእህል ማከማቻ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ግን በፍጹም አትጠቀሙ። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ለበር ጌጥ ብሎ እሱን ቤት ውስጥ መክፈት አይታሰብም።

ደረጃ 3፦ ቀለበቱን መሥራት

እንጨት ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ቆርጠው ቀለበት የሚያደርጉ አሉ። ያምራል፣ በነጻም ነው። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ሐረግ ሲደርቅ ቅርጹን ይለውጣል፣ ክቡም እንቁላል ይመስላል። ሽቦና ሳር አስተማማኝ ነው።

1. ሽቦውን ክብ አድርጉት። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 35 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ስንዝር ተኩል ከፍ ያለ ይሁን። የእንጀራ ሰፌድ መሐል ላይ ወይም ክብ ትሪ ዙሪያ ለክታችሁ ማጠፍ ይቀላል።
2. ሁለት ዙር አዙሩት። አንድ ዙር ብቻ ከሆነ እህሉ ሲታሰርበት ይጎብጣል።
3. ጫፎቹን በፒንሳ ጠምዝዛችሁ ወደ ውስጥ እጠፉ። ውጭ የቀረ ሹል ሽቦ እጅና የበር ቀለም ይቧጭራል።
4. የሽቦው ጫፍ የተገናኘበትን ቦታ በቀይ ክር ምልክት አድርጉ። እሱ የጉንጉኑ ታች ይሆናል። የላይኛው ቦታ መጋጠሚያ የሌለው ሽቦ መሆን አለበት፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነውና።
5. ሰንበሌጡን ሽቦው ዙሪያ አልብሱት። ውፍረቱ ሁለት ጣት ይሁን። አንድ ጭብጥ ትይዛላችሁ፣ ሽቦው ላይ ታስተኛላችሁ፣ በሲባጎ እየጠመጠማችሁ ትሄዳላችሁ። የመጀመሪያው ጭብጥ ሊያልቅ አራት ጣት ሲቀረው ሁለተኛውን ቀጥሉበት። ጫፍ ለጫፍ አታገናኙ፤ እዚያ ላይ ይከፈታል።
6. ሲባጎውን በየሁለት ጣቱ ርቀት አዙሩ፣ በየዙሩም ሳቡት። ስትጨርሱ ቀለበቱን ያዙና አወዛውዙት። ሳሩ ሽቦው ላይ ከዞረ ላልቷል። ፍቱና እንደገና ጠምጥሙ። እዚህ ላይ የታለፈ ልልነት ኋላ ምንም አያስተካክለውም።

ደረጃ 4፦ ትንንሾቹን እስሮች ማዘጋጀት

ከማሰራችሁ በፊት ሁሉንም እስር ጨርሱ። አንዱን እያዘጋጁ አንዱን ማሰር እስሮቹን እኩል እንዳይሆኑ ያደርጋል። መጀመሪያ ላይ ትልልቅ፣ መጨረሻ ላይ ቀጫጭን ይሆናሉ።

1. የአገዳውን ታች ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ንከሩ። ዛላውን አታርጥቡ። ደረቅ አገዳ ክር ሲጠብቅበት ይሰበራል፤ ትንሽ ከለሰለሰ ግን ይታጠፋል። ሰፌድ የሚሰፉ እናቶች አክርማውን የሚያርሱት ለዚሁ ነው። ውሃውን አራግፉና በጨርቅ አድርቁ። ብዙ ሰዓት አትዘፍዝፉ፣ አለዚያ ወደ እርጥብ አገዳ ችግር ተመለሳችሁ ማለት ነው።
2. ስድስት ዛላ ስንዴ ወይም ገብስ ውሰዱ። ከኋላው አንድ አጭር የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አድርጉ። በየሦስተኛው እስር አንድ የዳጉሳ ራስ ጨምሩ።
3. ራሶቹን ከፍና ዝቅ አድርጉ። ሁሉም እኩል ከሆኑ መልኩ አያምርም። ሁለቱ ትንሽ ከፍ፣ ሁለቱ ዝቅ ይበሉ።
4. ከዛላው ሥር ሁለት ጣት ዝቅ ብላችሁ በአጭር ሲባጎ እሰሩ። አገዳውን ከማሰሪያው በታች አራት ጣት አስቀርታችሁ ቁረጡ።
5. ሃያ እስር አድርጉ፤ ሁለት ደግሞ ለመጠባበቂያ። ቀለበቱ ዙሪያው 110 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በየአምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል አንድ እስር ሲገባ ሃያ ይሆናል።

የገብስ ረጅሙ ሹል ፀጉር ጉሮሮና ዓይን ውስጥ ይገባል። ትንንሽ ልጆች ካሉ አጠገብ አታስቀምጧቸው። ሕፃን ያለበት ቤት ስንዴ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ማሰር

አሠራሩ ሳር ቤት እንደሚከደነው ነው። አዲሱ እስር የቀድሞውን ማሰሪያ ይሸፍናል። ይህ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው።

1. ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ አኑሩ። የቀይ ክሩ ምልክት ወደ እናንተ ይሁን።
2. ረጅም ሲባጎ ምልክቱ አጠገብ በደንብ ቋጥሩ። ሲባጎውን በየእስሩ አትቁረጡ። አንዱ ክር ዙሪያውን ሁሉ ይሂድ። ሁለት ሁለት ሜትር እየቆረጣችሁ መቀጠል ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከረዘመ ይወሳሰባል።
3. የመጀመሪያውን እስር ቀለበቱ ላይ አስተኙ። ራሱ ወደ ግራ፣ አገዳው ወደ ቀኝ። ሲባጎውን ሦስት ጊዜ አዙሩበትና ሳቡ። በየዙሩ ሳቡ፤ መጨረሻ ላይ አንዴ መሳብ አያጠብቀውም።
4. ሁለተኛውን እስር አምጡ። ራሱ የመጀመሪያው ማሰሪያ ላይ ይተኛ፣ ይሸፍነው። ሦስት ጊዜ አዙሩ።
5. አቅጣጫ አትቀይሩ። ሁሉም ራስ ወደ አንድ በኩል ይመልከት። አንድ እስር ከተገለበጠ ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱን ለመድፈን ሌላ ስትጨምሩ እዚያ ቦታ ያብጣል።
6. አንዱን እስር ወደ ውስጠኛው ክብ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭኛው ክብ፣ ሦስተኛውን መሐል ላይ ዘንበል አድርጉ። ሁሉም መሐል ላይ ከተኙ ጎንና ጎኑ ላይ ሳሩ ይታያል።
7. በየአምስት እስሩ ቆሙ። ክሩን አንዴ ቋጥሩ። ከዚያ ቀለበቱን በአንድ እጅ አንስታችሁ በሌላው መታ መታ አድርጉት። የሚንቀሳቀስ እስር ካለ አሁን ፍቱት። ቋጠሮው እስካለ ድረስ የሚፈታው አምስት ብቻ ነው። ሃያው ካለቀ በኋላ ሦስተኛው ላላ ብትሉ ሁሉንም ነው የምታፈርሱት።
8. የመጨረሻው እስር። ብዙ ጉንጉን የሚበላሸው እዚህ ነው። የመጀመሪያውን እስር ራስ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ። የመጨረሻውን አገዳ ከሥሩ አስገቡ። ሲባጎውን ከራሶቹ ሥር በጆንያ መርፌ አሳልፉ፣ ሦስት ጊዜ አዙሩ፣ ከኋላ በሁለት ቋጠሮ ዝጉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ራስ መልሳችሁ አስተኙት። አገዳው ረዝሞ አልገባ ካለ አሳጥሩት፤ በግድ አትግፉት፣ ጎረቤቱን ይሰብራል።

ደረጃ 6፦ ቀለም መጨመር

ዛላ በርበሬውን ሦስት ሦስት አድርጉ። በወስፌ አንገቱን ሳይሆን ጭራውን፣ ማለትም ከተክሉ ጋር የተያያዘበትን ቀጭን እንጨት፣ ብሱ። አንገቱ ከተበሳ ይሰነጠቅና ፍሬው ይፈሳል። ክር አሳልፋችሁ እሰሩና ጉንጉኑ ላይ ሦስት ቦታ አኑሩ፤ አንዱ ከታች፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎን ይሁኑ፣ ግን ፊት ለፊት አይተያዩ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ በፊት ዓይን አይነካም። ልጅ በሚደርስበት ከፍታ በርበሬ አትሰሩ።

ማሽላ ካላችሁ ከሦስት ራስ አትለፉ፣ ሁሉንም ከታች አድርጉ። ከባድ ነው። ጎን ላይ ከሆነ ጉንጉኑ በር ላይ ይዞራል።

አደይ አበባን በተመለከተ፦ ከደረቁ ጋር አንድ ላይ አትሰሩት። ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ይጠወልጋል፣ ቅጠሉም ይረግፋል፤ የደረቀ ፍሬውም ልብስ ላይ ይለጠፋል። ግን ያለ አደይ ደስ አይለኝም የሚል ሰው አለ፣ እኔም ከነሱ ነኝ። መፍትሔው ይህ ነው። ከታች፣ ምልክቱ ባለበት ቦታ፣ ትንሽ የሲባጎ ቀለበት ልል አድርጋችሁ አስቀሩ። ጠዋት የተቆረጠ አደይ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ እዚያ ሰኩት። ሲጠወልግ አውጡና ሌላ ተኩበት። አደይ ሲያልቅ ቦታውን የዳጉሳ ራስ ይሸፍነዋል።

ለማሰሪያ ጌጥ የአሮጌ ጥለት ቁራጭ ከሁሉ ያምራል። ከሌለ የበቆሎ ሽፋን አሥር ደቂቃ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ በጣት ስፋት ሰንጥቁ፣ እሰሩት። ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። በእኛ ዘንድ የአበባ ጉንጉን ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሐውልትና ቀብር ነው። ጎረቤት በራችሁ ላይ አይቶ እንዳይደነግጥ ጥቁር ጨርቅ አትጠቀሙ። ጽሑፍ ያለበት ጥብጣብ መሐሉ ላይ አታሳልፉ። የፕላስቲክ አበባም አትቀላቅሉ። እህልና በርበሬ ጎልቶ ከታየ የመከር ጌጥ መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል። በግቢው ወይም በአጠገቡ ለቅሶ ካለ ደግሞ መስቀሉን አቆዩት። ጌጡ ይደርሳል።

ደረጃ 7፦ በር ላይ መስቀል

1. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅላችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። የሚረግፍ ካለ እዚያ ይረግፋል፣ የሚያዘነብል ካለም ይታያል።
2. ማንጠልጠያውን በሽቦ እንጂ በሲባጎ አትሥሩ። ሽቦው የውስጠኛውን የብረት ቀለበት መያዝ አለበት። ሳሩን ብቻ ከያዘ በክብደቱ ይቀደዳል።
3. የእንጨት በር ከሆነ አንድ ትንሽ ምስማር ይበቃል። የላሜራ በር ከሆነ አትብሱት፤ የተበሳው ቦታ ይዝጋል። ጠንካራ የጨርቅ ቁራጭ በበሩ አናት ላይ አሳልፋችሁ ከውስጥ በኩል እጀታው ላይ እሰሩ። ከማሰራችሁ በፊት በሩን ክፈቱና ዝጉ። ጨርቁ ወፍሮ በሩ አልገጥም ካለ ቀጭን ጥለት ይሻላል።
4. ከታችም አንድ ማሰሪያ ይኑረው። ነፋስ ሲነሳ ጉንጉኑ ከብረቱ ጋር ይላተማል። ሌሊት ያንኳኳል፣ እህሉንም ያረግፋል።
5. ከኋላው አሮጌ ጨርቅ አድርጉ። ብረቱ ሲግል በቀጥታ አይነካውም፣ የበሩም ቀለም አይቧጨርም።
6. ቁልፉን፣ ማያ ቀዳዳውንና የቤት ቁጥሩን አትሸፍኑ።

የትኛው በር? ሁለት በር ካላችሁ የውስጠኛውን ምረጡ። የውጭው በር ላይ ፍየልና አህያ የሚያልፍ ከሆነ በአንድ ቀን ያልቃል። የግድ ውጭ ከሆነ በፍየል አንገት ከሚደረስበት በላይ ይሰቀል። ፍየል በኋላ እግሯ ትቆማለችና ከሰው ቁመት በታች አታድርጉት። በበሩ ላይ መብራት ካለ ከአምፖሉ አርቁት። ጧፍም ሆነ ሻማ አጠገቡ አይለኮስም።

ችግር ሲገጥም

ክቡ እንቁላል መሰለ። የረዘመበትን ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። ሽቦው ይታዘዛል። ካልታዘዘ አንድ ሽቦ ከኋላ በኩል ከዳር እስከ ዳር አግድም አሳስሩበት።

አንድ በኩል ወደታች ይዞራል። ማንጠልጠያውን ከመሐል ወደ ከበደው ጎን በአንድ ጣት አስጠጉት። አሁንም ከዞረ ከከበደው ጎን በርበሬውን ወይም ማሽላውን አንሱ።

ክፍተት ይታያል። ከመጠባበቂያው እስር አንዱን አገዳውን አሳጥራችሁ በቦታው ሰኩት። በመርፌ ከኋላ ስፉት። ከላይ ክር አትጠምጥሙ፣ ጠባሳ ሆኖ ይታያል።

ወፍ መጣ። ይመጣል፣ እህል ነው። ጉንጉኑን አውርዳችሁ ፍሬ የበዛበትን ዛላ ወደ ውስጥ አዙሩት። ያ ካልረዳ ለሚቀጥለው ባሕር ዛፉን አብዙ፣ ስንዴውን ቀንሱ። አይጥ ከሆነ ግን በሩ ላይ ማታ አታሳድሩት፣ ከፍ ያለ ቦታ ሰቅላችሁ ጠዋት መልሱት።

ድንገት ዘነበ። ወዲያው አውርዱት። ውሃውን አራግፉ፣ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ስቀሉት። የራሰ በርበሬ ቀለሙን ስለሚለቅ ሌላውን ሳያበላሽ ፍቱት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በሩ ላይ አትመልሱት።

ክሩ ላላ። የደረቀው ነገር በደንብ አልደረቀም ነበር ማለት ነው። ለማፍረስ አትቸኩሉ። ገልብጡትና አዲስ ሲባጎ ከአሮጌው ጎን አሳልፋችሁ በየእስሩ መሐል አንድ አንድ ጊዜ አጥብቁ። ከሦስት እስር በላይ ወልቆ ከሆነ ግን ፍቱት። እህሉ ደርቋልና አሁን ሲታሰር ይይዛል።

ሲያበቃ

እንክብካቤው ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ አውርዳችሁ አቧራውን በለስላሳ መጥረጊያ ጥረጉ፣ ማንጠልጠያውን ፈትሹ። ውሃ አትርጩበት።

ቀለሙ ሲጠፋ ወይም ዛላው ሲራቆት አፍርሱት። መጀመሪያ በርበሬውንና ሽቦውን ለዩ። ሳሩና አገዳው ለከብት መስጠት ካሰባችሁ የሲባጎ ቁራጭ፣ መርፌና ሽቦ እንዳልቀረበት በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አረጋግጡ፤ ሽቦ የዋጠች ላም ልትሞት ትችላለች። የሻገተውን ለከብት አትስጡ። በር ላይ ከርሞ አቧራ የጠጣው በርበሬም ወደ ወጥ አይመለስም። የሽቦውን ቀለበት ግን ዝገቱን ጠርጋችሁ ደረቅ ቦታ ስቀሉት። ለሚመጣው ጥቅምት ከደረጃ 3 ቁጥር 5 ትጀምራላችሁ።